የካይሮ ቆሻሻ የማን ነው?

ስለ ካይሮ ቆሻሻ ሰብሳቢዎች የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወይ በድህነታቸው ያዝናል፣ ወይ በብልሃታቸው ይደነቃል። ሁለቱም ወገኖች የሚጠቅሱት ቁጥር ግን አንድ ነው። በከተማዋ አጠራር ዘባሊን የሚባሉት እነዚህ ቤተሰቦች ከሚሰበስቡት ቆሻሻ 80 በመቶ ያህሉን መልሰው ጥቅም ላይ እንደሚያውሉ ይነገርላቸዋል፤ በ2003 ሊተኳቸው ከአውሮፓ የመጡት ኩባንያዎች ደግሞ በውላቸው የተጠየቁት 20 በመቶውን ብቻ ነበር (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይህን ልዩነት በድህነት ብቻ ማስረዳት አይቻልም፤ ከቆሻሻ ክምር ላይ እየለቀሙ የሚያድሩ ድሆች በብዙ ከተሞች አሉ፣ እንዲህ ያለ ውጤት ግን እምብዛም አይታይም። በመሣሪያም ማስረዳት አይቻልም፤ ዘመናዊው መሣሪያ የነበረው በኩባንያዎቹ እጅ ነው። እኔ የማቀርበው ምክንያት ቆሻሻው ከቤት ደጃፍ ከተነሳበት ሰዓት ጀምሮ የተሸካሚው ንብረት መሆኑ ነው። ደመወዝ የሚቀበል ሰው ቆሻሻውን ከዓይን ካራቀ ሥራው አልቋል፤ ባለንብረቱ ግን ሥራው ገና መጀመሩ ነው። የከተማዋ የመቶ ዓመት ታሪክ ይህን መብት ባከበሩና በነኩ ውሳኔዎች የተሞላ በመሆኑ፣ ክርክሩን በማስረጃ ለመፈተን ይመቻል።

መብቱ የተጀመረው በገበያ እንጂ በአዋጅ አልነበረም። በ1910 አካባቢ በምዕራቡ በረሃ ካለው ከዳኽላ ለምለም ሸለቆ የፈለሱ ሙስሊም ቤተሰቦች ካይሮ ገቡና ቆሻሻ የማንሳትን ሥራ ያዙ። ዋሂያ ይባላሉ። ለሕንፃው ባለቤት አስቀድመው ገንዘብ ከፍለው የዚያን ሕንፃ ቆሻሻ የማንሳት መብት ይገዛሉ፤ ከዚያ ከተከራዮቹ በየወሩ የአገልግሎት ክፍያ ይቀበላሉ። ያነሱትም አይጣልም ነበር። የደረቀው ቆሻሻ ለሕዝብ መታጠቢያ ቤቶች ማገዶ ሆኖ ይሸጣል፤ ካይሮ ቁርሷን የምትበላው ፉል ደግሞ በእነዚያው መታጠቢያ ቤቶች ምድጃ ረመጥ ላይ ሌሊቱን ሲበስል ያድር ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ ሁሉ ውስጥ የነበረው ድርሻ ትንሽ ነበር። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የካይሮ ቆሻሻ ዋጋ ያለው፣ የሚገዛና የሚሸጥ፣ ድንበሩ በየሕንፃው የተከለለ ንብረት ነበር። መብቱ በጽሑፍ ባይሰፍርም የትኛው ሕንፃ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ከአባት ወደ ልጅም ይተላለፍ ነበር።

መታጠቢያ ቤቶቹ ቀስ በቀስ ወደ ነዳጅ ሲዞሩ ዋሂያዎቹ ገዢ አጡ። ክፍተቱን የሞሉት በ1940ዎቹ በእርሻ ችግር ተገፍተው ከላይኛው ግብፅ፣ በተለይ ከአስዩጥ አውራጃ የመጡ ገበሬዎች ናቸው። አብዛኞቹ የኮፕት ክርስቲያኖች ነበሩና አሳማ ያረባሉ፤ የአሳማ ሥጋ ለማይበላው ኢትዮጵያዊ ኦርቶዶክሳዊ እንግዳ ነገር ቢመስልም፣ ለግብፅ ክርስቲያኖች ክልክል አይደለም። አሳማው የምግብ ትርፍራፊ ይፈልጋል፤ ዋሂያዎቹ ደግሞ የምግብ ትርፍራፊ ሞልቷቸዋል። በዚህ ሁለቱ ወገኖች ተስማሙ። መብቱና ወርኃዊው ክፍያ በዋሂያዎቹ እጅ ቀረ፤ መጤዎቹ ለቆሻሻው እየከፈሉ፣ ፎቅ እየወጡና እየወረዱ፣ በአህያ ጋሪ እየጫኑ ወደ ሰፈራቸው ወሰዱት። ዘባሊኖቹ ከቤቶቹ ደመወዝ አልነበራቸውም። ኑሯቸው በሙሉ የተንጠለጠለው ከቅርጫቱ በሚወጣው ነገር ላይ በመሆኑ፣ እያንዳንዱ የተጣለ ዕቃ ከገቢያቸው ላይ የሚቀነስ ነበር። ሁሉንም የመለየት ልማድ የመጣው ከዚህ ስምምነት ነው፤ ስለ አካባቢ ጥበቃ ማንም ያስተማራቸው አልነበረም።

ሰፈራቸው ግን አይጸናም ነበር። ከተማዋ በሰፋች ቁጥር ይገፋሉ፤ በ1970 የጊዛ አስተዳዳሪ ከኢምባባ ሲያስነሷቸው አብዛኞቹ ከምሥራቅ ባለው በሙቀጠም ተራራ ሥር፣ ድንጋይ ሲወጣበት በኖረው ገደል አጠገብ ሰፈሩ። ሌሎቹ በእዝበት አን-ነኽል፣ በሙዕተመዲያ፣ በአል-ባራጂል፣ በቱራና በሔልዋን ተበታተኑ። ተራራው ለእኛም እንግዳ አይደለም። በእስክንድርያው 62ኛ ፓትርያርክ በአባ አብርሃም ዘመን በጫማ ሰፊው በስምዖን ጸሎት ፈለሰ ተብሎ በቤተ ክርስቲያናችን የሚሰበከው ተራራ ይህ ነው። ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ አባ ሳምዓን በተባሉ ካህን መሪነት በዋሻዎቹ ውስጥ በቅዱስ ስምዖን ስም ከተሠሩት አብያተ ክርስቲያናት አንደኛው ብቻ እስከ 20,000 ሰው እንደሚይዝ ይነገራል። ይህን የማነሳው ለግርማው አይደለም። በተደጋጋሚ የተነቀለ ሰው ማሽን አይገዛም፤ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ያለው ሰፈር ግን በቀላሉ አይነሳም። የቆርቆሮ ጎጆዎቹ በሸክላ ጡብ ሕንፃዎች የተተኩት፣ በየምድር ቤቱም መፍጫና ማቅለጫ የተተከለው ሰፈሩ እዚያው እንደሚጸና እርግጠኛ ከተሆነ በኋላ ነው። በቆሻሻው ላይ የነበረው መብት ያለ መሬት መብት ሙሉ እንዳልነበረ ይህ ያሳያል።

ፕላስቲክ በዚህ ታሪክ ውስጥ ዘግይቶ የገባ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቤተሰቦች ፍለጋ የአሳማ መኖ ነበር፤ ጨርቅ፣ ወረቀት፣ ቆርቆሮና አጥንት ድጎማ ነበሩ። አንዋር ሳዳት በ1974 ኢንፊታሕ የተባለውን የኢኮኖሚ በር የመክፈት ፖሊሲ ካወጁ በኋላ ከውጭ የሚገባውና በፋብሪካ የሚታሸገው ሸቀጥ በዛ፤ የካይሮ ቅርጫትም ይዘቱ ተለወጠ። በ1980ዎቹ ሰፈሩ ከዓለም ባንክ፣ ከፎርድ ፋውንዴሽን፣ ከኦክስፋምና ከሌሎች በተገኘ ገንዘብ የልማት ሥራ ሲጀመርለት፣ አነስተኛ ኢንዱስትሪ ማቋቋምም የዚያ አካል ነበር። የፕላስቲክ መፍጫዎች የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። ከ1971 ጀምሮ በእዝበት አን-ነኽል ከዘባሊኖቹ ጋር የኖሩት መነኩሲት እማሆይ ኤማኑኤልም በሙቀጠም የማዳበሪያ ማምረቻ እንዲሠራ ደክመዋል። ከዚያ በኋላ ሥራው በሙያ ተከፋፈለ። ወንዶች ያመጡትን ሴቶችና ልጃገረዶች በቤት ይለያሉ፤ ደላላው በዓይነት የተለየውን ይገዛል፤ አንዱ ቤት ይፈጫል፣ ሌላው በኮስቲክ ሶዳ አጥቦ ጣሪያ ላይ ያደርቃል፣ ሦስተኛው አቅልጦ እንደ ምስር የደቀቀ ጥሬ ዕቃ ያወጣል። ከዚያ የልብስ መስቀያ፣ ሳፋ፣ የውሃ ጎማና የጫማ ሶል ይሆናል።

ይህ የእጅ ሥራ ለምን በማሽን በቀላሉ እንደማይተካ ለመረዳት የዕቃውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ፕላስቲክ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው ብዙ የማይዋሃዱ ነገሮችን ነው። እኛ ሃይላንድ የምንለው የውሃ ኮዳ የሚሠራበት ፔት የሚቀልጠው በ250 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኢትሊን ግን ከዚያ ግማሽ ገደማ በሆነ ሙቀት ይቀልጣል። አንድ ላይ ቢቀልጡ የሚወጣው ዕቃ ተሰባሪና ዋጋ ቢስ ይሆናል። ፖሊኢትሊንና ፖሊፕሮፒሊን በውሃ ላይ ስለሚንሳፈፉ፣ ፔት ደግሞ ስለሚሰጥም፣ እነዚህን በገንዳ ውስጥ መለየት ይቻላል። ፒቪሲ ግን እንደ ፔት ይሰጥማል፤ ፔት በሚቀልጥበት ሙቀትም ተበላሽቶ አሲድ ያወጣና ሙሉውን ጭነት ያበላሻል። ፒቪሲን ከፔት ውሃ አይለየውም፤ በሙቀጠም የሚለየው የሠራተኛዋ ዓይንና እጅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ንጽሕና ዋጋ አለው። የምግብ ትርፍራፊው ከደጃፍ ጀምሮ ተለይቶ ለአሳማው ከሄደ ወረቀቱና ፕላስቲኩ ሳይርሱ ይደርሳሉ። ስለዚህ ከፕላስቲክ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው የሚመስለው አሳማ የፕላስቲኩ ንግድ ምሰሶ ነበር፤ ከተማዋ ይህን የተረዳችው አሳማው ከጠፋ በኋላ ነው።

መንግሥት በሥራው ላይ በግልጽ እጁን ማስገባት የጀመረው በ1983 የካይሮ ጽዳትና ውበት ባለሥልጣን ከተቋቋመ ወዲህ ነው። በ1990 የአህያ ጋሪ ታገደና ዘባሊኖቹ መኪና እንዲገዙ ተገደዱ። አቅም ያለው ገዛ፣ አቅም ያጣው ተቀጣሪ ሆነ፤ ሥርዓቱ ግን ጸና፣ ምክንያቱም ለውጡ የነካው የማጓጓዣውን ዓይነት እንጂ የዕቃውን ባለቤትነት አልነበረም። የ2003ቱ ውሳኔ ግን ሌላ ነው። ለ15 ዓመት በሚጸና ውል ኤፍሲሲና ኡርባሰር የተባሉ የስፔን ኩባንያዎች፣ ከጣሊያን ደግሞ የሮማው አማ ከተማዋን ተከፋፈሉ። ክፍያው ከመብራት ሒሳብ ጋር ተዳበለ፤ በየመንገዱ ገንዳ ተቀመጠ፤ እርጥቡንና ደረቁን አንድ ላይ የሚጨምቁ መኪናዎች መጡ። በየፎቁ ደጃፍ ሰው መጥቶ እንዲወስድለት የለመደው የካይሮ ነዋሪ ቆሻሻውን ተሸክሞ ወደ ገንዳ መውረድን አልወደደም፤ መኪናዎቹም በጠባቡ ጎዳና አይገቡም። ብዙ ቤተሰብ በመብራት ሒሳቡ ለኩባንያው፣ በደጃፉ ደግሞ ለዘባሊኑ ሁለት ጊዜ መክፈል ያዘ። ኩባንያዎቹ ዘባሊኖቹን በደመወዝ ሊቀጥሩ ቢሞክሩም፣ ባለንብረት የነበረ ሰው በአነስተኛ ደመወዝ የራሱን ቆሻሻ ወደ መቅበሪያ እንዲያጓጉዝ ነበር የተጠየቀው፤ አብዛኞቹ አልተቀበሉትም። ዘመኑ ሲያበቃ ውሉ አልታደሰም። ስህተቱ በኩባንያዎቹ ስንፍና አይመካኝም፤ ውሉ ራሱ አብዛኛው ቆሻሻ እንዲቀበር የሚፈቅድ ነበርና።

ከስድስት ዓመት በኋላ ሁለተኛው ምት መጣ። በዓለም ላይ የአሳማ ጉንፋን የተባለው በሽታ በተነሳበት በ2009 የጸደይ ወራት፣ በግብፅ አንድም ታማሚ ባልተገኘበት ሰዓት፣ በአገሪቱ ያሉ 300,000 ያህል አሳማዎች በሙሉ እንዲታረዱ ተወሰነ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው የሚተላለፈው ከሰው ወደ ሰው እንደሆነ ቢያስታውቅም ውሳኔው አልተቀየረም። ከጥቂት ወራት በኋላ የካይሮና የጊዛ ጎዳናዎች በሚበሰብስ ምግብ ተሞሉ። ዘባሊኖቹ ፕላስቲኩንና ወረቀቱን እየመረጡ እርጥቡን መተዋቸው አያስገርምም፤ አሳማ ከሌለ እርጥቡ ቆሻሻ ሸክም ብቻ ነው። አሳማዎቹ ከጊዜ በኋላ ቀስ በቀስ ተመልሰው መጥተዋል። ታሪኩ ራሱ ያካሄደው ሙከራ ቢኖር ይህ ነው፦ ሰዎቹ፣ መኪናዎቹና ሰፈሩ እንደነበሩ ሆነው ከንብረቱ ዋጋ ያለው አንዱ ክፍል ብቻ ተነሳ፤ ለዚያ ክፍል የሚሰጠው አገልግሎትም አብሮ ተነሳ።

በዚህ ክርክር ላይ የሚነሳው የመጀመሪያው ተቃውሞ ድህነትን ማሞገስ ነው የሚል ነው፤ ከባድ ተቃውሞም ነው። የሙቀጠም ሴቶች ባዶ እጃቸውን በመርፌና በስባሪ ጠርሙስ መካከል ሲሰዱ ኖረዋል፤ ለጉበት በሽታ የተጋለጡ ናቸው፤ ልጆች ከትምህርት ቤት ይልቅ በጋሪ ላይ አድገዋል፤ የመፍጫውና የማቅለጫው ጭስ ከመኖሪያው አይለይም። በሴፕቴምበር 2008 የሙቀጠም ሰፈር በሚገኝበት በመንሺየት ናስር ክፍለ ከተማ፣ በዱወይቃ፣ የተራራው ቋጥኝ ተንዶ ከ100 በላይ ሰው ገድሏል። ይህን የሚክድ ጽሑፍ ሐሰት ነው። ይሁን እንጂ ጉዳቱ የመጣው ንብረቱ የእነሱ በመሆኑ ነው ወይስ ሕግ ስላላወቃቸው? በ1984 የተቋቋመው የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ልጃገረዶች ከጨርቅ ቁራጭ ምንጣፍ፣ ከወረቀት ደግሞ ካርድ እየሠሩ ማንበብና መጻፍ እንዲማሩ ሲያደርግ ቆይቷል፤ ከሰፈሩ ጋር የደከሙት ላይላ እስክንድር በ1994 የጎልድማንን የአካባቢ ሽልማት አግኝተው በኋላ የግብፅ የአካባቢ ጉዳይ ሚኒስትር እስከ መሆን ደርሰዋል። ጓንት፣ ክትባት፣ ትምህርት ቤትና ከመኖሪያ የራቀ የማቅለጫ ቦታ መብቱን ሳይነጥቁ የሚሰጡ ነገሮች ናቸው። ከ2003 በፊትም ሆነ በኋላ ከመንግሥት በበቂ ያልመጡት እነዚህ ናቸው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከተማዋ ከእነሱ አቅም በላይ ሆናለች ይላል። ታላቋ ካይሮ ዛሬ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የያዘች ናት፤ ዘባሊኖቹም ሁሉን አላዳረሱም። የሀብታሙ ቅርጫት ብዙ ፕላስቲክና ቆርቆሮ ስላለው ይነሳል፣ የድሃው ሰፈር ቅርጫት ልጣጭና አመድ ብቻ ስለሆነ ይቀራል። እውነት ነው፤ የንብረት መብት ዋጋ የሌለውን ነገር አያነሳም። እዚህ ላይ ነው የመንግሥት ቦታ። የድሃው ሰፈር አገልግሎት በሕዝብ ገንዘብ ሊደጎም ይገባዋል፤ እርጥቡንና ደረቁን በየቤቱ ማስለየትም ያለ ማዘጋጃ ቤት አይሆንም። ነገር ግን የጎደለውን መሙላትና የሚሠራውን ማፍረስ ይለያያሉ። ላይላ እስክንድር በ2013 ሚኒስትር በሆኑ ጊዜ ዘባሊኖቹ ኩባንያ መሥርተው በሕጋዊ ውል እንዲሠሩ የተጀመረው ጥረት ይህን ልዩነት የተገነዘበ ነበር፤ መጠኑ ትልቅ መሆን መብቱን በጽሑፍ ለማስፈር ምክንያት ይሆናል እንጂ ለመሻር አይሆንም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉም የጠነከረ ነው፦ መልሶ መጠቀምን ማወደስ አምራቹን ነጻ ያወጣዋል ይላል። በእርግጥም የሙቀጠም የልብስ መስቀያ ተመልሶ ኮዳ አይሆንም፤ ፕላስቲክ በቀለጠ ቁጥር ጥራቱ ይወርዳል፣ በመጨረሻም ከመቃብሩ አያመልጥም። ገቢውም በነዳጅ ዋጋ ይናወጣል፤ ነዳጅ ሲረክስ አዲሱ ፕላስቲክ ከአሮጌው ይረክሳል። ቻይና ከ2018 ጀምሮ የፕላስቲክ ቆሻሻ እንዳይገባባት ስትዘጋ ደግሞ የዓለም ገበያ እንዴት ደካማ መሠረት እንዳለው ታየ። ስለዚህ አምራቹ መክፈል አለበት። ይህ ሐሳብ ራሱ በሙቀጠም ጥሩ ምስክር አለው። በ2000ዎቹ መጀመሪያ ባዶ የሻምፖ ጠርሙሶች በሐሰተኛ ሻምፖ እየተሞሉ ተመልሰው እንዳይሸጡ፣ ፕሮክተር ኤንድ ጋምብል በገንዘብ የደገፈው አንድ የሰፈሩ ትምህርት ቤት ልጆች ጠርሙሶቹን እንዲሰበስቡና እንዲፈጩ አደረገ፤ ልጆቹ ለሰበሰቡት እየተከፈላቸው በደረሰኝ አሞላል ሒሳብ ተማሩ። አምራቹ ለጠርሙሱ መጨረሻ ከፈለ፣ ገንዘቡም ለሰብሳቢው ደረሰ። በ2020 የወጣው የግብፅ የቆሻሻ አያያዝ ሕግ ቁጥር 202 የአምራቹን ኃላፊነት በሕግ አስፍሮታል። ፈተናው ገንዘቡ የሚሄድበት መንገድ ነው፤ ከአምራቹ የሚሰበሰበው ክፍያ ጠርሙሱን በሚያነሳው እጅ ካልገባ፣ የ2003ቱ ስህተት በሌላ ስም ይደገማል።

ይህ ታሪክ የካይሮ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አዲስ አበባም የራሷ ዘባሊኖች አሏት፤ ቆራሌው በየሰፈሩ እየጮኸ አሮጌ ዕቃ ይገዛል፣ ዕቃው መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ አዲስ ሕይወት ያገኛል፤ የጽዳት ማኅበራት በየቤቱ ይዞራሉ፣ ክፍያውም ከውሃ ሒሳብ ጋር ሲሰበሰብ ቆይቷል። አዋጅ ቁጥር 513/1999 ዓ.ም. ስስ ፌስታልን ከከለከለ ዓመታት አልፈዋል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ ብዙዎቹ ሟቾች ከዚያው ክምር ጥግ የሚኖሩ ነበሩ። በሚቀጥለው ዓመት ነሐሴ ወር ረጲ ላይ ቆሻሻን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ጣቢያ ተመረቀ። ጣቢያው ለማንደድ የሚፈልገው ወረቀትና ፕላስቲክ ነው፤ ይህ ደግሞ ለቃሚው ከክምሩ የሚፈልገው ነገር ራሱ ነው። የካይሮ ልምድ በዚህ ግጭት ላይ የሚለን ነገር አለ። አዲስ ፋብሪካ፣ አዲስ ውል ወይም አዲስ አዋጅ ሲታሰብ በመጀመሪያ ሊመዘገብ የሚገባው ቶኑ አይደለም፤ ዛሬ ከዚያ ቆሻሻ ላይ ማን እንደሚኖርና የትኛውን ክፍል እንደሚወስድ ነው። የዚያ ሰው ድርሻ በውሉ ላይ በስሙ ከሰፈረ፣ ጓንቱና ክትባቱ የአገልግሎቱ ወጪ ተብለው ከተቆጠሩ፣ የአምራቹም ክፍያ በእሱ በኩል ካለፈ፣ ከተማዋ የምትቀብረው ይቀንሳል። ይህን የዘለለ ዕቅድ ግን የተሻለ መኪናና የተሻለ ምድጃ ቢያመጣም፣ ለመለየት ምክንያት ያለውን ብቸኛ ሰው ከሥራው አስወጥቶ ይጀምራል።